«የገጠር ሳር» ነው አሉን

ባለፈው ሳምንት አዲስ አበባ፣ ግንፍሌ ወንዝ ዳር የሰፈር ስብሰባ ነበረን። ክረምት የናደውን የወንዝ ዳር ቁልቁለት በምን እንሸፍነው ሲባል አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ። «አክርማና ሰርዶ ብንተክልስ?» አሉ። ሥራውን የያዘው ባለሙያ ፈገግ አለ። «እማማ፣ እሱ የገጠር ሳር ነው። ለከተማ አይመጥንም። እባብም ይደበቅበታል።» በቃ፣ ተወሰነ። ተጠቅልሎ የሚመጣው ሳር ይነጠፋል።

ከእባቡ ልጀምር። ግንፍሌ ዳር ነው ያደግኩት። እስከ ዛሬ ያየሁት አስፈሪ አውሬ አይጥ ነው። እሷም የምትኖረው ሳር ውስጥ ሳይሆን የተሰበረ ቱቦ ውስጥ ነው። ቱቦው ይጠገን ያለ ግን አልሰማሁም።

«የገጠር» የሚለውስ? ለበዓል ቄጠማ በብር ገዝቶ ሳሎኑ ውስጥ የሚጎዘጉዝ ከተሜ፣ ደጁ ላይ ሳር ቢበቅል ሊያፍር ነው?

አክርማን በእጁ ለመንቀል የሞከረ ሰው እንዲህ አይናገርም። ልጅ ሆኜ አክስቴ ለሰፌድ አክርማ ልታመጣ ስትሄድ ተከትያት ነበር። አንዱን እግር በሁለት እጄ ጨብጬ፣ ተረከዜን መሬት ተክዬ ጎተትኩ። መዳፌ ተላጠ፤ ሥሩ ግን ንቅንቅ አላለም። አክስቴ ሆዷን ይዛ ሳቀች። የአፈር ጥበቃ ትምህርት ለእኔ ያኔ አለቀ። ሥሩ ቀጭን ክር ነው፤ ግን ስፍር ቁጥር የለውም። አፈሩን እንደ መረብ ጠፍንጎ ይይዛል። ከመሬት በላይ ያለው ደግሞ የጎርፉን ጉልበት ይሰብራል። ጉልበቱን ያጣ ውሃ የተሸከመውን ደለል እዚያው ጥሎ ያልፋል። ያረጀው ሥር ይበሰብስና አፈሩን ይመግባል፤ ውሃ የሚሰርግበትን ቀዳዳም ትቶ ይሄዳል። በመሀል የቀረውን ባዶ ቦታ ሰርዶ መሬት ለመሬት እየዳኸ ይሸፍነዋል። በበጋ የሞተ ይመስላል፤ ዝናብ ሲነካው ብድግ ይላል። ቦቴ ውሃ ና አይልም።

ጥቅልሉስ? አብሮት የሚመጣው ሥር የጣት ርዝመት አይሞላም። እሱን ገረጋንቲ ላይ አንጥፈው የሐምሌን ዝናብ ቻል ይሉታል። አምና ከድልድዩ በታች ያነጠፉት በአንድ ሌሊት ወንዝ ገባ። ተጠቅልሎ መጣ፣ ተጠቅልሎ ሄደ። ከሥሩ የነበረው አፈርም በቀበና አድርጎ ወደ አቃቂ፣ ከዚያም ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ወረደ።

ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ሜዳ ላይ ጥቅልሉን ያንጥፉ፣ አልጣላም። ቁልቁለቱን ግን ለእማማ ይተዉላቸው። ሰኔ ሲገባ የአክርማውን እግር ከነሥሩ ከፋፍሎ፣ ቁልቁለቱን አግድም በረድፍ መትከል ነው። ማሽን አይጠይቅም፣ ዶላር አይጠይቅም። ምናልባት ያልተወደደውም ለዚህ ይሆናል።

«እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» አለች አህያ። የእኛው ባለሙያ ደግሞ በቁሙም እንዳይበቅል ወስኗል።

እስቲ ቅዳሜ ጠዋት ብቅ ይበል። እማማ አጥር ጥግ አንድ እግር አክርማ አለ። በእጁ ከነቀለው፣ ጥቅልሉን እኔ ራሴ ተሸክሜ አነጥፍለታለሁ።