ጉርሻው ይብቃ፣ እጃቸው ይሥራ

አክስቴን ስትሮክ የመታት ጊዜ ቤተሰቡ ተሰብስቦ አንድ ነገር ወሰነ፤ እሷ ምንም እንዳትነካ። እናጎርሳታለን፣ እናለብሳታለን፣ ፊቷን እናጥባታለን። ቀኝ እጇ ብርድ ልብሱ ላይ ተዘርግቶ ይውላል። ማንኪያ ለማንሳት ስትሞክር «ተይ እቴቴ፣ እኔ አለሁ አይደል?» ብሎ የሚቀማት አይጠፋም። ከፍቅር ነው። ዛሬ ሳስበው ግን ያንን እጅ በሽታው ብቻ አይደለም ያስተኛው። እኛም አስተኝተነዋል።

እንዲህ እንዳስብ ያደረገኝ ፖል ባኽ ኢ ሪታ የሚባል አሜሪካዊ የነርቭ ሳይንቲስት የአባቱ ታሪክ ነው። አባቱ ፔድሮ የካታላን ተወላጅ ገጣሚ ናቸው፣ ኒውዮርክ ሲቲ ኮሌጅ ያስተምሩ ነበር። በ1959 እ.ኤ.አ. በ65 ዓመታቸው ስትሮክ መታቸው። ግማሽ ሰውነታቸው አልታዘዝ አለ፣ አንደበታቸውም ተያዘ። ሐኪሞቹ ተስፋ ቆረጡ። ሌላው ልጃቸው ጆርጅ ያኔ ሜክሲኮ ውስጥ ሕክምና ይማራል፤ ስለ ማገገሚያ ሕክምና የሚያውቀው ነገር የለም፣ ብቻ አባቱን ቤቱ ወሰዳቸውና ልክ ሕፃን እንደሚያድገው ከመዳህ አስጀመራቸው። ሽማግሌው ደካማ ጎናቸውን ግድግዳ እያስደገፉ ለወራት ዳሁ። ጎረቤት «ፕሮፌሰሩን እንደ ውሻ በአራት እግር ያስኬዳል» ብሎ አማ። ልጁ አልሰማም። ብይ መሬት ላይ እያንከባለለ በደካማው እጃቸው ያስለቅማቸዋል፣ ድስትም ያሳጥባቸዋል፦ 15 ደቂቃ ወደ ቀኝ እያዞሩ፣ 15 ደቂቃ ወደ ግራ። ከአንድ ዓመት በኋላ ፔድሮ ወደ ማስተማር ሥራቸው ተመለሱ።

በ72 ዓመታቸው ኮሎምቢያ ተራራ ላይ ሳሉ ልባቸው ቆሞ አረፉ። ተራራ ላይ! ከዚያ አንጎላቸው ሲመረመር ጉዳቱ እንዳለ ተገኘ። ከአንጎል ወደ ጀርባ አጥንት ከሚወርዱት ነርቮች 97 በመቶው ወድመዋል። የሞተው ክፍል አልዳነም፤ የተረፈው ነው ሥራውን የተረከበው። ፖል ይህን ካየ በኋላ ሙያውን ወደ ማገገሚያ ሕክምና አዞረ። «አርጅተዋል፣ ከእንግዲህ ምን ይማራሉ?» የምንለውን ሁሉ የሚያፈርሰው እንግዲህ የእኚህ ሽማግሌ አንጎል ነው።

አሜሪካ፣ አላባማ ውስጥ ያጠና የነበረ ኤድዋርድ ታውብ የሚባል ተመራማሪ ደግሞ ለብቻው ተመሳሳይ ነገር ደረሰበት። በሽተኛው እጁን ሲሞክር ያቅተዋል፣ እንደገና ሲሞክር ያቅተዋል፣ በመጨረሻ ይተወዋል፤ አንጎሉ አለመጠቀምን ይማራል ማለት ነው። የታውብ መላ ቀላል ነው፤ ደህናውን እጅ ወፍራም ጓንት ውስጥ ከተትና ደካማው እንዲሠራ አስገድደው። በ2006 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የወጣው ትልቅ ጥናት ስትሮክ ከመታቸው ከ3 እስከ 9 ወር የሆናቸውን 222 ሰዎች ተከታትሎ፣ የ2 ሳምንት ልምምዱ ያመጣው ለውጥ ከዓመት በኋላም እንዳልጠፋ አሳይቷል። ለሁሉም ይሆናል ማለት አይደለም፤ አንጓውና ጣቶቹ ትንሽም ቢሆን መንቀሳቀስ አለባቸው። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ደግሞ የሐኪም ናቸው፣ ያኔ ማንንም አታጣድፉ።

ማጣደፍ ያለብን ሌላ ቦታ ነው። ፊት ሲጣመም፣ እጅ ሲዝል፣ ንግግር ሲኮላተፍ «ምች ነው» ብለን ዳማከሴ እያሸን የምንቀመጥባት ሰዓት ውድ ናት። ጄፍሪ ሴቨር የተባለው የነርቭ ሐኪም አስልቶታል፤ ትልቅ የደም ሥር ተዘግቶ ሳይታከም በቀረ ቁጥር በየደቂቃው ወደ 1.9 ሚሊዮን የነርቭ ሴሎች ይሞታሉ፣ በአንድ ሰዓት አንጎል 3.6 ዓመት ያህል ያረጃል። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ደግሞ በተለምዶ የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በኋላ ባለው አራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ዳማከሴው ይቆይ፣ መኪና ፈልጉ።

እኛ ልምምዱን ዘግይተን ጀመርን። አሁን ፊዚዮቴራፒስቷ ባሳየችን መሠረት ጠዋት ጠዋት ሰፌድ ላይ ምስር እንበትንላትና በቀኝ እጇ ትለቅማለች። የመጀመሪያው ቀን 3 ፍሬ ለማንሳት ስትታገል ላቧ በግንባሯ ወረደ፣ እኔም ላግዛት እጄ ሲነሳ ቶሎ መለስኩት። ቡና ሲፈላ ስኒዋን ግማሽ ቀድተን፣ ቀዝቀዝ እስኪል ጠብቀን እናስቀምጥላታለን። ራሷ ታነሳዋለች። አንዳንዴ ቀሚሷ ላይ ይፈሳል። እንጠርግና ደግመን እንቀዳለን።