የትኛው ውጊያ ነው ጦርነቱን የቆረጠው?

ክርክሩን የጫረው መምህሩ ነው። «ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ያለቀው ሩሲያ ውስጥ ስታሊንግራድ ከተማ ላይ ነው፤ የቀረው ትርፍራፊ ነው» አለ። ጠረጴዛው ዙሪያ ከእኔ ሌላ አራት ሰዎች ነበሩ፦ እሱ፣ አንድ መሐንዲስ፣ ከባድ መኪና የሚያሠራ ወዳጃችን፣ እና ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው የቀድሞ ባሕረኛ። የተባባሉትን እነግራችኋለሁ፤ ዘመኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ የኛው ሲሆን እናገራለሁ።

መሐንዲሱ አላስጨረሰውም። «ጦርነት የሚያልቀው ፋብሪካ ውስጥ ነው። አሜሪካ ሊበርቲ የሚባለውን የጭነት መርከብ ከ2,700 በላይ ሠርታለች። ሮበርት ፒሪ የተባለችውን በ4 ቀን ከ15 ሰዓት ገጣጥመው ውሃ ላይ አውርደዋታል። እርግጥ ይቺ ለወሬ ነበረች፤ ክፍሎቿን ቀድመው በይደው አቆይተዋል። ቢሆንም እንዲህ የሚሠራ አገር ስታሊንግራድ ቢወድቅስ ይሸነፋል?»

«ነዳጅ የሌለው ፋብሪካ ምን ይሠራል?» አለ መምህሩ። «ሂትለር በጁን 1942 ወደ ደቡብ የዞረው የካውካሰስን ነዳጅ ብሎ ነው፤ ማይኮፕን፣ ግሮዝኒን፣ ባኩን። ማይኮፕ ሲደርስ ሩሲያውያን ጉድጓዶቹን አበላሽተው ወጥተዋል። ስታሊንግራድ መጀመሪያ ዋናዋ ግብ አልነበረችም፤ የዘመቻው ጎን መጠበቂያና የቮልጋን ወንዝ መዝጊያ ነበረች። በኋላ እልህ ሆነችና ምርጡን ጦር በሙሉ ዋጠችው። ከዶን ወንዝ ጋር የተዘረጋውን ረጅሙን ጎን ደግሞ ለሩማንያ፣ ለጣሊያንና ለሃንጋሪ ሠራዊት ተዉት። የሩማንያው 3ኛ ጦር ታንክ መምቻው በአብዛኛው 37 ሚሊሜትር መድፍ ነበር፤ ቲ-34 የተባለውን የሩሲያ ታንክ ከፊት ለፊት አይበሳም። ኖቬምበር 19 ሩሲያውያን የመቱት እሱን ነው። በአራተኛው ቀን ከሰሜንና ከደቡብ የመጡት ታንኮች ካላች አጠገብ ተገናኝተው ከበባውን ዘጉት።»

«ከኋላው ተጠባባቂ ታንክ አልነበረም?»

«ነበረ፤ የጀርመን 22ኛ የታንክ ክፍለ ጦር። ነዳጅ ስላልነበረው ታንኮቹን ጉድጓድ አስገብቶ በገለባ ሸፍኗቸው ከረመ። ተነሱ ሲባል ብዙዎቹ አልነሳ አሉ። አይጥ የኤሌክትሪክ ሽቦውን ላስቲክ በልቶት ነበር።»

«እውነትህን ነው?» ብሎ ሳቀ መሐንዲሱ። እውነቱን ነው፤ በጦርነቱ ታሪክ በደንብ የታወቀ ነገር ነው።

እዚህ ላይ ባለመኪናው ገባ። እስከዚያ ድረስ ዝም ብሎ ወረቀት ላይ ቁጥር ይጽፍ ነበር። «እኔን የሚደንቀኝ የተከበበውን ጦር በአየር እቀልባለሁ ያለው የጀርመን አየር ኃይል አዛዥ የጎሪንግ ሂሳብ ነው» አለ። «የጀርመን 6ኛ ጦር፣ ሩብ ሚሊዮን ሰው፣ ተከቧል። በቀን 500 ቶን ይግባልን አሉ፤ 300 ደግሞ ነፍስ ማቆያ ነው። ዩንከርስ 52 የሚባለው የጭነት አውሮፕላን የሚጭነው 2 ቶን ነው። ስለዚህ 250 ምልልስ። ዲሴምበር ላይ እዚያ አገር ፀሐይ የምትቆየው 8 ሰዓት ነው። አካፍሉት፤ በየሁለት ደቂቃው አንድ አውሮፕላን ማረፍ አለበት፤ በዚያ ላይ ማራገፍ አለ፣ ቁስለኛ መጫን አለ። ለሌሊት ማረፊያ በቅጡ የተሰናዳው ሜዳ ደግሞ ፒቶምኒክ ብቻ ነበር።»

«አውሮፕላን መጨመር ነዋ።»

«ከየት? መኪና የሚያሠራ ሰው ያውቀዋል፤ አሥር መኪና አለኝ ማለት አሥር መኪና መንገድ ላይ አለ ማለት አይደለም። በዚያ ብርድ ከሦስት አንዱ ለበረራ ከደረሰ ጥሩ ነው። የሞተሩ ዘይት ሌሊቱን ይረጋል። ወይ ጠዋት በማሞቂያ ትነፋበታለህ፣ ወይ ማታ ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ ቤንዚን ጨምረህ ታቀጥነዋለህ። ስለዚህ 250 ምልልስ በቀን ለማግኘት 750 አውሮፕላን ትፈልጋለህ፤ ጀርመን በሁሉም ግንባር ከነበራት ዩንከርስ ጋር እኩል ማለት ነው። ከነሱም ብዙዎቹ በዚያው ሰሞን ወደ ቱኒዚያ ጦር ያመላልሱ ነበር። የገባው በአማካይ ከ120 ቶን በታች ነው። የወታደሩ ዳቦ እስከ 50 ግራም ወረደ።»

መምህሩ አንድ ነገር አከለ፤ እኔም ቁም ነገሩ እሱ ይመስለኛል። ጎሪንግ ቃል የገባው እንዲሁ በባዶ ሜዳ አልነበረም። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ዴሚያንስክ ላይ ወደ 100,000 የሚጠጋ የተከበበ ጦር በአየር ተቀልቦ ለወራት ቆይቶ ወጥቷል። ያ ግን ከግማሽ የሚያንስ ሰው ነው፤ የሩሲያም አየር ኃይል ያኔ ገና ደካማ ነበር። አንድ ጊዜ የሠራ ዘዴ በሁለተኛው ገደላቸው።

«ታዲያ ለምን ሰብረው አልወጡም?» አለ መሐንዲሱ።

«በምን ጎትተው?» አለ ባለመኪናው። «የ6ኛው ጦር መድፍ አብዛኛው በፈረስ የሚጎተት ነው። ፈረሱን ደግሞ ለክረምት መኖ ብለው ቀድመው ወደ ምዕራብ ልከውታል። የጀርመኑ ፊልድ ማርሻል ማንሽታይን ሊያስለቅቃቸው በዲሴምበር ሞክሮ 50 ኪሎ ሜትር ሲቀረው ቆመ። በዲሴምበር 24 የሩሲያ ታንኮች ታትሲንስካያ የሚባለው የአውሮፕላኖቹ መነሻ ሜዳ ገቡ፤ አውሮፕላኖቹ በጭጋግ ውስጥ ታንኩ እያሳደዳቸው ተነሱ። ከዚያ ወዲህ መነሻው እየራቀ ሄደ። ረዥም መንገድ ብዙ ነዳጅ ይበላል፤ ነዳጅ በጫንክ ቁጥር ዳቦ ይቀንሳል።» ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው።

እስከዚህ ጋሼ አንድ ቃል አልተናገሩም። መሐንዲሱ «እርስዎስ ምን ይላሉ ጋሼ?» ሲላቸው፣ «እናንተ ልጆች ባሕር የሚባል ነገር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?» አሉ። ከዚያ ወዲያ ያስቆማቸው አልተገኘም።

ከሚድዌይ፣ አሜሪካና ጃፓን ከተዋጉባት የፓስፊክ ደሴት፣ ጀመሩ። ጁን 4 ቀን 1942፣ በፈረንጅ ሰዓት ከጠዋቱ 10፡20 አልፎ፣ ሦስት የጃፓን አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦች፣ አካጊ፣ ካጋና ሶርዩ፣ በደቂቃዎች ውስጥ ተቃጠሉ። ሂርዩ የምትባለው አራተኛዋ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ተመታች። «አካጊን ለሞት ያበቃት አንድ ቦምብ ነው። አንድ! ከመርከቡ ሆድ ውስጥ ነዳጅ የተሞላ አውሮፕላን፣ ቶርፔዶ፣ በጥድፊያ ሲቀያየር ወደ መጋዘን ያልተመለሰ ቦምብ ተደርድሯል። የጃፓኑ አዛዥ ናጉሞ መጀመሪያ ደሴቲቱን ለመምታት መሣሪያውን አስቀይሮ፣ መርከብ ታየ ሲባል ደግሞ መልሱ አለ። መርከብን የሚገድለው የራሱ ጭነት ነው።»

መምህሩ «ጃፓን ምርጥ አብራሪዎቿን ያጣችው እዚያ ነው» ቢል ገሠጹት። «እሱ ተረት ነው። የሞቱት የበረራ ሠራተኞች 110 ገደማ ናቸው። አብራሪዎቹ ያለቁት በኋላ በጓዳልካናልና በሰለሞን ደሴቶች ነው። ሚድዌይ ላይ ያለቀው መርከቡና መካኒኩ ነው፤ ከ700 በላይ የአውሮፕላን ቴክኒሻን ከታች ተቃጥሎ ቀርቷል። ስለ እሱ ማን ያወራል?»

ከዚያ ወደ አትላንቲክ ተሻገሩ። «መሐንዲሱ መርከብ ቆጠረልን። ጥሩ። በማርች 1943 ጎን ለጎን ከሚሄዱ ሁለት የመርከብ ቅፍለቶች ጀርመኖች 22 መርከብ አሰጠሙ። ፋብሪካህ ሲሠራው ይውላል፣ ባሕር ይበላዋል። በሁለት ወር ውስጥ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ሜይ ላይ ጀርመን 41 ሰርጓጅ መርከብ አጣች። የጀርመን ባሕር ኃይል አዛዥ ዶኒትዝ በሜይ 24 ከሰሜን አትላንቲክ አወጣቸው። የገዛ ልጁም በዚያው ወር ሰጥሟል።»

«ምን ተገኘና?»

«ሰርጓጅ የምትለው መርከብ በእውነቱ አልፎ አልፎ የሚጠልቅ ተራ ጀልባ ነው። ከላይ ሲሄድ 17 ኖት (የባሕር ፍጥነት መለኪያ ነው) ይሮጣል፤ ከውሃ በታች 7 ኖት፣ ያውም ባትሪው ቶሎ ያልቅበታል። የመርከቦቹ ቅፍለት ራሱ ከ7 እስከ 10 ኖት ይጓዛል። ስለዚህ ሰርጓጁ ቀድሞ ለመጠበቅ ከላይ መሮጥ ግዱ ነው። ከሰማይ አውሮፕላን ካለ መጥለቅ አለበት፤ ከጠለቀ ቅፍለቱ ያመልጠዋል። አላሰጠምከውም፣ ግን ሥራ ፈቷል። ከውቅያኖሱ መሃል አውሮፕላን የማይደርስበት ክፍተት ነበር፤ ሊበሬተር የሚባሉት ረጅም በራሪዎችና ትናንሾቹ አውሮፕላን ተሸካሚዎች ሲመጡ ተዘጋ። በዚያ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ሞገድ ያለው ራዳር መጣ፤ ጀርመኖቹ የያዙት መቀበያ ይህን ራዳር አይሰማውም። በመንጋ ለማደን ደግሞ በሬዲዮ መጠራራት አለባቸው፤ በተናገሩ ቁጥር አጃቢው ካሉበት አቅጣጫ ይይዛቸዋል።»

መሐንዲሱ እጁን አነሳ። «እንግዲያው ጋሼ፣ ያሸነፈው ራዳሩ ነዋ። ፋብሪካ አላልኩም?»

«ራዳር ብቻውን አይዋኝም!» አሉ። ቀጥለውም ሁላችንም ያልጠበቅነውን አመጡ፤ ከረንን።

«አሜሪካ በ1941 ገና ገለልተኛ ነበረች። ሕጓ የንግድ መርከቦቿን ወደ ጦርነት ቀጣና አያስገባም። ጣሊያን ምጽዋ ላይ ጦር መርከብና ሰርጓጅ ይዞ ሲቀመጥ ቀይ ባሕር የጦርነት ቀጣና ነው። ከረን ማርች 27 ተሰበረች፤ ምጽዋ ኤፕሪል 8 ወደቀች። በሦስተኛው ቀን ሩዝቬልት ቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ የጦርነት ቀጣና አይደሉም ብሎ አወጀ። ከዚያ ወዲያ የአሜሪካ መርከብ ጭነቱን እስከ ስዊዝ ያደርሳል። የከረን ተራራ ላይ የወደቀው የሕንድ ወታደር፣ በጣሊያን በኩል ተሰልፎ የሞተውም የኤርትራ ልጅ፣ ይህን አያውቅም።»

መምህሩ «ከረን ከስታሊንግራድ ጋር ይወዳደር ይሉኛል?» አለ። ድምፁ ከፍ አለ፤ የጋሼም። ከዚያ በኋላ ያው ቃል ተደጋገመ እንጂ አዲስ ነገር አልመጣም።

አሁን የኔ ፍርድ። መምህሩ ስታሊንግራድን የሚመዝነው በሟችና በምርኮ ነው፤ 91,000 እጁን ሰጠ፣ ከ6,000 ያልበለጠ ተመለሰ ይላል። ውጊያ ቆራጭ የሚሆነው ግን ተሸናፊው ያጣውን ከቀጣዩ ምት በፊት መተካት ሲያቅተው ነው። 6ኛውን ጦር ጀርመኖች በማርች 1943 መልሰው በስሙ አቋቁመዋል፤ በጁላይ ደግሞ ኩርስክ ላይ አጥቅተዋል። ያልተተካው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው የካውካሰስ ነዳጅ ተስፋ ነው። ሁለተኛው ለስንቅ ማመላለሻ ከማሠልጠኛ ትምህርት ቤቶች የተወሰዱት አውሮፕላኖችና አስተማሪዎቻቸው ናቸው፤ 490 ገደማ አውሮፕላን እዚያ ቀርቷል። ስለዚህ መምህሩ ከተማዋን መምረጡ ልክ ነው፤ ምክንያቱ ግን ባለመኪናው ኪስ ውስጥ ያለው ወረቀት ነው።

መሐንዲሱ አሸናፊውን አውቋል፣ ጊዜውን ግን ዘሏል። የአሜሪካ አዲሶቹ ትልልቅ ተሸካሚዎች ጦርነቱ እስኪያልቅ 17 ደርሰዋል፤ ጃፓን ያን ያህል መሥራት ፈጽሞ አትችልም ነበር። በጁን 1942 ግን አንዳቸውም ባሕር ላይ የሉም። ሚድዌይ ያንን ጊዜ ነው የገዛችው። ጀርመንን በሚመለከት፣ አንድ ወር ብቻ ምረጥ ብባል ሜይ 1943ን እመርጣለሁ፤ እሱ ባይሆን ኖሮ ፈረንሳይ ውስጥ ኖርማንዲ ላይ ለማረፍ የተከማቸው ጦር እንግሊዝ ባልደረሰ። የጀርመን ወታደር በብዛት ያለቀው በምሥራቅ ግንባር መሆኑን ግን ይህ አይሽረውም፤ መምህሩ እዚህ ላይ ቢቆጣኝ እውነት አለው።

ከረንን ጋሼ አጋነኗት፤ ብቻዋን የዓለም ጦርነት አልቆረጠችም። እኛ አገር ሚያዝያ 27 ቀን 1933ን ሁሉም ያውቃል፤ የሩዝቬልት አዋጅ የወጣበትን የዚያኑ ዓመት ሚያዝያ 3ን ግን ማንም አያነሳውም። እንግሊዞች የያዙት የሊቢያ ወደብ ቶብሩክ በጁን 1942 ሲወድቅ አሜሪካ 300 ሸርማን ታንክ ለእንግሊዝ ላከች። ሜዲትራኒያን ዝግ ስለነበር መርከቦቹ አፍሪካን በደቡብ ዞረው፣ በቀይ ባሕር ሽቅብ መጥተው በሴፕቴምበር ስዊዝ ላይ አራገፉ። ኦክቶበር 23 ሌሊት ግብፅ ውስጥ ኤል አላሜይን ላይ ማጥቃቱ ሲጀመር እነዚያ ታንኮች ከተሰለፉት መካከል ነበሩ።