የፊሽ የመጀመሪያ መድረክ ኔክታርስ አይደለም

ወዳጆቼ፣ «የአሜሪካው የሮክ ባንድ ፊሽ መጀመሪያ የተጫወተው በቨርሞንት ግዛት በርሊንግተን ከተማ፣ ኔክታርስ ባር ውስጥ ነው» የሚለው ወሬ እየተደጋገመ ስለሆነ ላርመው። የመጀመሪያ መድረካቸው የቨርሞንት ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ካፍቴሪያ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2 ቀን 1983። ታዳሚው ከቁብ አልቆጠራቸውም። እንዲያውም የማይክል ጃክሰንን ዘፈን ከፍተው ድምፃቸውን እንደሸፈኑባቸው ይነገራል።

ኔክታርስ የገቡት ከዓመት በኋላ፣ በ1984 ማብቂያ ነው። የባሩ ባለቤት በነጻነት ስላጫወታቸው ውለታውን አልረሱም፤ በ1992 ያወጡትን አልበም በስሙ ሰየሙለት። ስህተቱ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ግን ሰሚ አጥተው የተጫወቱበትን ያንን ምሽት ከታሪካቸው ይሰርዛል፤ ያሳዝነኛል። ማጣራት ለሚፈልግ የባንዱ ድረ ገጽ ኮንሰርቶቹን ከነቀናቸው ዘርዝሯል፤ 1983ን ብቻ ክፈቱ።