ባትሪው ከነአሲዱ ይሸጥ

የከባድ መኪናው፣ የባጃጁ፣ የሶላሩ ባትሪ ሲሞት ዕጣው ቁራሌው ዘንድ ነው። ገዢው የሚፈልገው እርሳሱን ስለሆነ ለአሲዱ መክፈል አይፈልግም፤ ቦይ ውስጥ መድፋት ደግሞ ሸክም ያቀላል። ደሴና ኮምቦልቻ ይህን አሠራር በዋጋ ማስቀረት ይችላሉ።

ሰው የሚፈራው አሲዱን ነው፤ ልብስ ይበሳል፣ እጅ ያቃጥላል። አመድ ወይም ሶዳ ቢነሰነስበት ግን ኃይሉ ይሞታል። አብሮት የሚፈሰው የእርሳስ ጭቃ አይሞትም።

15 ኪሎ ግራም የሚመዝን የመኪና ባትሪ ወደ 9 ኪሎ ግራም የሚጠጋ እርሳስ ይይዛል። (የተማሪው እርሳስ ስሙን ብቻ ነው የሚጋራው፤ ውስጡ ግራፋይት ነው።) ከፊሉ ፍርግርጉና ምሰሶው ሲሆን በ327 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀልጣል፤ ለዚህ የጓሮ ከሰል ይበቃል። ፍርግርጉ ላይ የተለጠፈው ሊጥ ግን እርሳስ ከኦክስጅንና ከአሲዱ ጋር የተዋሐደበት (ኦክሳይድና ሰልፌት) ነው። ወደ ንጹሕ እርሳስነት የሚመለሰው 1000 ዲግሪ ገደማ በሚደርስ፣ ከሰልና የብረት ቁርጥራጭ በሚጨመርበት፣ ጭሱ በሚጣራ ምድጃ ነው። ስለዚህ በድስት የሚያቀልጥ ሰው ጤናውን ብቻ ሳይሆን ንብረቱንም ያቃጥላል፤ ሊጡ ዝቃጭ ሆኖ ይጣላል፣ ሲደርቅ ዱቄት ይሆናል።

ዱቄቱ ወደ ታች ብዙም አይሰርግም፤ የላይኛው አፈር ላይ ለአሥርት ዓመታት ይቀመጣል። ክረምት ሲገባ ጎርፉ ካጠበው ከደሴ በቦርከና ወደ ኮምቦልቻ መስኖ ሊወርድ ይችላል። ሕፃን ደግሞ ከዋጠው እርሳስ ወደ ደሙ የሚያስገባው ከአዋቂው ከ4 እስከ 5 እጥፍ ነው፤ ብረትና ካልሲየም ካነሰውማ ይብሳል። ሴኔጋል፣ ዳካር አጠገብ ቲያሮይ በተባለ ሰፈር በባትሪ እርሳስ ለቀማ ምክንያት እስከ 2008 እ.ኤ.አ. ድረስ 18 ሕፃናት ሞተዋል።

ስለዚህ አሮጌ ባትሪ በኪሎ መገዛቱ ቀርቶ ላዩ ላይ በተጻፈው አምፒር (በአቅሙ) ይገዛ፤ አሲዱ የተደፋበት ዋጋው ይቀነስ። አዲስ ባትሪ የሚሸጥ ሁሉ አሮጌውን ተቀብሎ ከዋጋው ያቀናንስ። የንግድ ፈቃድ የሚያድሰው ቢሮም ማከማቻውን ይይ፤ ባትሪው ክዳኑ ወደ ላይ ሆኖ፣ ጣሪያ ሥር፣ በፕላስቲክ ገንዳ፣ የተሰነጠቀውም ለብቻው በክዳናም የፕላስቲክ በርሜል መቀመጥ አለበት። ወለሉ በደረቅ መጥረጊያ አይነካ፣ በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል። እጅ ሳይታጠቡ ጫት መቃም የለም። የሥራ ልብስም ቤት ተወስዶ ከሕፃን ልብስ ጋር አይታጠብም።