የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ችሎታ በአንድ ቀይ ቁጥር አይለካም

በሌላ ከተማ ዩኒቨርሲቲ የምትማር የእህቴ ልጅ ባለፈው ለጥምቀት ጎንደር በመጣች ጊዜ በእንግሊዝኛ የጻፈችውን ባለ አንድ ገጽ ድርሰት አሳየችኝ። በወረቀቱ ራስጌ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «11/20» ተጽፎበታል፤ በግርጌው «ሰዋስው!» ለማለት አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ሰፍራለች፤ ከዚያ ውጭ ምንም ምልክት የለበትም። «ጋሼ፣ እስኪ ዘጠኙ የት የት እንደ ሄደብኝ ይንገሩኝ» አለችኝ። እንግሊዝኛን ለብዙ ዓመታት ያስተማርኩ ሰው ብሆንም ወረቀቱን ደጋግሜ አንብቤ ለጥያቄዋ መልስ አላገኘሁም።

ድርሰቱ ስለ ውኃ ፈረቃ ነው። ውኃ የሚለቀቅበት ቀን አስቀድሞ ቢታወቅ ኖሮ ጀሪካን ይዞ የመጠበቁ ሥራ በቤቱ ሴት ልጆች ላይ ብቻ ባልወደቀ ነበር ስትል ትከራከራለች፤ ሐሳቡ የጠራ ነው፣ ማስረጃውም ከምታውቀው ኑሮ የተቀዳ ነው። ስሕተት ሞልቶታል፤ ስሕተቶቹ ግን ምንጫቸው ይታወቃል። «ኦልዞው» ብላ የጀመረችውን ዓረፍተ ነገር መካከሉ ላይ «በት» ብላ ትመልሰዋለች፤ በአማርኛ «ምንም እንኳ» ብለን «ነገር ግን» ስለምንል ነው። የታወቀን ነገር የምታመለክተዋን «ዘ» የምትባል የእንግሊዝኛ ቃል በየቦታው ትዘላለች፤ በእኛ ቋንቋ ይህ ነገር በስሙ መጨረሻ ላይ ተለጥፎ የሚመጣ እንጂ ራሱን ችሎ የሚቆም ቃል አይደለም። አንደኛው አንቀጽ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ግስ በግስ ላይ እየደራረቡ ማሰሪያውን እስከ መጨረሻ ማቆየት በአማርኛ ወግ ነው፣ በእንግሊዝኛ ግን አንባቢን ያደክማል። ይህን ሁሉ «ሰዋስው!» በሚል አንድ ቃል መጠቅለል በሽተኛን «ታመሃል» ብሎ እንደ ማሰናበት ይቆጠራል።

ለዚህ ችግር መፍትሔ ከተነገረ ቆይቷል። በ1981 እ.ኤ.አ. እንግሊዝኛን ተጨማሪ ቋንቋ አድርገው ለሚጽፉ ተማሪዎች ተዘጋጅቶ እስከ ዛሬ የሚሠራበት አንድ የማረሚያ መስፈርት ከመቶው 30ውን ለይዘት፣ 20ውን ለአደረጃጀት፣ 20ውን ለቃላት፣ 25ቱን ለቋንቋ አጠቃቀም፣ 5ቱን ለሥርዓተ ነጥብና ለፊደል አጻጻፍ ይሰጣል። በዚህ ሚዛን ሰዋስው ሩብ ያህል ነው። የልጅቷን ድርሰት በዚሁ ሳርመው ለይዘት 25፣ ለአደረጃጀት 15፣ ለቃላት 14፣ ለቋንቋ 13፣ ለሥርዓተ ነጥብ 3 ሰጠኋት፤ ድምሩ 70 ሆነ። ከድምሩ ይልቅ የጠቀማት ግን በቋንቋ ከ25ቱ 13፣ በይዘት ከ30ው 25 ማግኘቷን ጎን ለጎን ማየቷ ነው፤ ምን ይዛ ምን እንደ ጎደላት ተለይቶ ታየ።

መስፈርት በሌለበት ውጤት ምን ያህል እንደሚዋዥቅ የሚጠራጠር ካለ በአሜሪካ ፖል ዲድሪክና ባልደረቦቹ በ1961 እ.ኤ.አ. ያወጡትን ጥናት ያስታውስ። የአንደኛ ዓመት የኮሌጅ ተማሪዎች የጻፏቸው 300 ድርሰቶች ለ53 አንባቢዎች ተሰጥተው ባለ 9 ደረጃ ነጥብ እንዲሰጧቸው ተጠየቁ፤ ከ300ው 101ዱ ከተለያዩ አንባቢዎች ዘጠኙንም ደረጃዎች አገኙ፣ ከአምስት ያነሰ የተለያየ ነጥብ ያገኘ አንድም ድርሰት አልነበረም። እነዚያ ደራሲዎች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የሚማሩ ነበሩ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱን ሁሉ በባዕድ ቋንቋ ለሚማር ልጅ የአራሚው ዕጣ ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን ለመገመት አይከብድም።

የአራሚዎችን ልዩነት ፈርቶ ወደ ምርጫ ጥያቄ መሸሽም መድኃኒት አይደለም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በምርጫ ነው፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው የመውጫ ፈተናም እንዲሁ። የተዘበራረቁ ዓረፍተ ነገሮችን በቅደም ተከተል ማስቀመጥ ሌላ ሰው የጻፈውን ማወቅ እንጂ መጻፍ አይደለም።

በ44ቱ ታቦት ከተማ በጎንደር ውስጥ ለኖረ ሰው ይህ ሁሉ እንግዳ ሊሆን አይገባም። የቅኔ ተማሪ ማንም አፉን ባልፈታበት በግእዝ ከሁለት ቤቷ (ባለ ሁለት ስንኟ) ጉባኤ ቃና ጀምሮ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ድረስ ቅኔ ይቆጥራል፣ ማለትም ይደርሳል፤ የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ምሥጢሩ የላላበትን፣ ቤቱ ያልመታበትን፣ አገባቡ የተሳሳተበትን ለይቶ ያርምለታል። «የቅኔህ ዋጋ ከ20 11 ነው» የሚል የቅኔ መምህር አልሰማሁም። በነገታው ያው ተማሪ ሌላ ቅኔ ይዞ ይመለሳል። ይህን የምዘና ጥበብ ከአጥር ማዶ ይዘን በዩኒቨርሲቲ ክፍል ውስጥ መዘንጋታችን ያሳዝነኛል።

የሥራ ባልደረቦቼ የተማሪውን ብዛት ያነሣሉ፤ እውነታቸውን ነው። 200 ተማሪ ያለው መምህር ለእያንዳንዱ ወረቀት 10 ደቂቃ ቢሰጥ ከ33 ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። ነገር ግን ባለ ሦስት ገጽ ድርሰት በሴሚስተር አንዴ ከማዘዝ አንድ አንቀጽ ብቻ ደጋግሞ ማጻፍ፣ በአንድ ወረቀት ላይ ሁለት ነገር ብቻ መርጦ ማረም፣ መስፈርቱን ለተማሪዎቹ ሰጥቶ የመጀመሪያውን ረቂቅ እርስ በርሳቸው እንዲተያዩ ማድረግ ይቻላል፤ ሁለት አራሚ የሚያስፈልገው ለማጠቃለያው ፈተና ነው። ከሁሉም በላይ ወረቀቱ ተመልሶ እንደገና መጻፍ አለበት፤ ለሁለተኛው ረቂቅም ነጥብ ይያዝለት።

የእህቴ ልጅ ከመሄዷ በፊት በነበረው ሌሊት ድርሰቷን እንደ አዲስ ጻፈችው። «ኦልዞው» ባለበት «በት» የለም፤ ያ ረዥም አንቀጽ አምስት ዓረፍተ ነገር ሆኗል፤ ስለ ሴት ልጆቹ በሚናገረው ክፍል ላይም ትምህርት ቤት አርፍዳ ስለምትደርስ አንዲት ጎረቤት ቀድሞ ያልነበረ ምሳሌ ገብቶበታል። ይህን ረቂቅ የሚቀበላት መምህር ግን የለም፤ 11ዱ ተመዝግቦ ኮርሱ ተዘግቷል።