ይድረስ ለክቡር ግራፊክስ ድራይቨር

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከእርስዎ ናፍቆት በስተቀር እጅግ በጣም ደህና ነኝ። ናፍቆቱ ግን ጠናብኝ። ማክሰኞ ማታ ሲስተሜን አፕግሬድ አድርጌ ላፕቶፔን ሪስታርት ካደረግሁ ወዲህ አልተያየንም። ነጫጭ ጽሑፎች ተራ በተራ አለፉ። ምስልን ስክሪን ላይ የሚያወጡት ፕሮግራም እርስዎ ነዎትና፣ የእርስዎ ተራ ሲደርስ ስክሪኑ ጥቁር ሆነ። ፋኑ ብቻ ያጓራል። ጥቁሩ መስታወት ውስጥ የራሴን ፊት አየሁት፤ ተጎሳቁያለሁ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በስልኬ ነው።

ክቡርነትዎ የሊኑክስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ልጅ ነዎት። ተወልደው ያደጉት እዚያ ነው፤ የሚናገሩትም የዚያን ቤት ቋንቋ ነው። እኛ ፍሪቢኤስዲ በሚባለው ሌላ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ቤት ያለነው ለኢንቴልና ለኤኤምዲ ግራፊክስ ካርዶቻችን በውሰት አመጣንዎት። ሊኑክስኬፒአይ የሚባል አስተርጓሚም ቆመልዎት። እርስዎ በሊኑክስኛ «ሚሞሪ አምጡ» ሲሉ እሱ በእኛ ቋንቋ ለከርነሉ፣ ማለትም ለሲስተሙ እምብርት፣ ይነግርልዎታል። ከቤትዎ የወጡ እንዳይመስልዎት ስንት ተለፋ!

ምን ያደርጋል፣ ቋንቋዎ አይረጋም። ሊኑክስ በየ9 ወይም 10 ሳምንቱ አዲስ እትም ያወጣል። የከርነሉ የውስጥ አሠራር ባለበት ይቆያል ብሎም ለማንም ቃል አይገባም፤ እንዲያውም አልገባም ብሎ በራሱ ሰነድ ላይ ጽፎታል። እዚያ አንድ ፈንክሽን የቀየረ ሰው እዚያው ያሉትን ድራይቨሮች አብሮ ያስተካክላል። እኛ ቤት ይህን ሁሉ እየተከታተሉ የሚያስተረጉሙት በጣት የሚቆጠሩ ሰዎች ናቸው። ሚሊዮን መስመር ኮድ ይዘው ሲመጡ በሩ ላይ ሻንጣ የሚቀበልዎት አንድ ሁለት ሰው ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል። የእርስዎ ግን ጭራሽ ያጨልማል።

ጎረቤት ይሻል እንደሆነ ብዬም ነበር። የፍሪቢኤስዲ ዘመድ የሆነው ኔትቢኤስዲ 10.0ን በ2024 እ.ኤ.አ. ሲያወጣ ይዞት የመጣው ከሊኑክስ 5.6 የተቀዳውን ግራፊክስ ድራይቨር ነው፤ 4 ዓመት ገደማ የሆነውን ማለት ነው። ሌላው ዘመድ ኦፕንቢኤስዲ ደግሞ ለአዳዲስ የኤንቪዲያ ካርዶች ድራይቨር የለውም። እሱስ ቢሆን፣ የእርስዎው አባወራ፣ የሊኑክስ ፈጣሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ፣ በ2012 እ.ኤ.አ. ፊንላንድ ውስጥ መድረክ ላይ ሆኖ ለኤንቪዲያ መሃል ጣቱን አሳይቶ የለ? እኔ ጨዋ ነኝ። ጣቴን የማነሳው የፓወር ቁልፉን ለመጫን ብቻ ነው።

እውነቱን ለመናገር የማክሰኞው ጥፋት የኔ ነው። እርስዎ የተገነቡበት ከርነልና እኔ የማስነሳው ከርነል ካልተገጣጠሙ እንደሚያኮርፉ አውቃለሁ። ለዚህም ከፍሪቢኤስዲ 14.2 ጀምሮ ለከርነል ሞጁሎች፣ እንደ እርስዎ ከርነሉ ላይ ለሚጫኑት፣ ብቻ የተለየ ሪፖዚቶሪ (የፕሮግራም ማከማቻ) ተከፍቶልዎታል። የድሮ ኮንፊጌን (ቅንብሬን) ይዤ የተኛሁት እኔ ነኝ። ቢሆንስ? ስህተቱን ብትነግረኝ ምን አለበት? አንድ መስመር! ሰው እንዴት ዝም ብሎ መብራት አጥፍቶ ይሄዳል? አንተ...

ይቅርታ። አንቱታው አመለጠኝ።

ያለ እርስዎ መኖር ይቻላል፣ ኖሬዋለሁ። ብራይትነሱ አይቀነስም፤ እኩለ ሌሊት ላይ ዓይኔ ይፈሳል። ቪዲዮው ይንቀረፈፋል። ላፕቶፑ ተኝቶ ሲነሳ ስክሪኑ አብሮ አይነሳም። ስምዎ በአማርኛ ሹፌር ማለት ነው። ተሳፋሪ ጭኖ መሃል መንገድ ላይ የሚወርድ ሹፌር ግን እርስዎን አየሁ።

አሁን ለጥገና በሚሆነው በሲንግል ዩዘር ገብቼ፣ ሲስተሙ ሲነሳ ምን እንደሚጫን ከሚዘረዝረው አርሲ ኮንፍ ከሚባለው ፋይል ላይ ስምዎን ልሰርዝ ነው። ከዚያ ለከርነሌ የሚሆኑትን አስገንብቼ እንደገና እጠራዎታለሁ። እባክዎ ይምጡ።

አክባሪዎ፣
በጨለማ ያሉት

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤውን ሳልልከው ስክሪኑ በራ። ሪዞሉሽኑ ልክ ነው፣ ቀለሙም ያምራል። ከላይ የጻፍኩትን ግን አላነሳም። የላፕቶፑን ክዳንም አልዘጋም፤ አላበድኩም።