137ቱ የት ገቡ?

የአዲስ አበባ ሰዎች፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ለመንግሥት የሚባለው በየጊዜው ተብሏል።

ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ገና ሳይነጋ በየምርጫ ጣቢያው ተሰልፋችሁ ነበር። እናቶች ዱካቸውን ይዘው፣ አዛውንቶች ከዘራቸውን ተደግፈው ፀሐዩን ቻሉት። ሲመሽም ሰልፉ አላለቀም ነበርና ሌሊት ድረስ ድምፅ የተሰጠባቸው ጣቢያዎች ነበሩ። ቆጠራው ሲጠናቀቅ ከተማችን ከ138 የምክር ቤት መቀመጫዎቿ 137ቱን፣ ከፓርላማ ወንበሮቿ ደግሞ 23ቱንም ለተቃዋሚው ጥምረት ለቅንጅት ሰጥታ ተገኘች። ዶክተር ብርሃኑ ነጋም ለከንቲባነት ተመረጡ።

ያ ምክር ቤት አንድ ቀን እንኳ ከተማዋን ሳያስተዳድር ቀረ። የቅንጅት ሰዎች ምክር ቤት እንግባ አንግባ ተባብለው እርስ በርስ መካረራቸው እውነት ነው፤ በዚህ እነሱም ይጠየቁበታል። ግን በጥቅምት 1998 መሪዎቹ ሲታሰሩ የተመረጠው ከንቲባም አብሮ እስር ቤት ገባ። በምርጫው ውጤት ላይ ተቃውሞ ተነሥቶ በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 በተተኮሰው ጥይት 193 ሰላማዊ ሰዎች መሞታቸውን ጉዳዩን ያጣራው ኮሚሽን ኃላፊዎች ከአገር ከወጡ በኋላ ተናገሩ። ከሟቾቹ መካከል ገና ልጆች የነበሩ አሉ። ግንቦት 1998 ላይ የፌዴራሉ መንግሥት በመረጣችሁት ምክር ቤት ቦታ ባለአደራ አስተዳደር አስቀመጠላችሁ። እሱንም ተቀብለን ኖርን።

እኔ ይቅር ማለት ያቃተኝ ግን ሚያዝያ 2000ን ነው። የከተማው ምክር ቤት ምርጫ እንደገና ተካሄደ፤ ከ138ቱ መቀመጫ 137ቱ በጊዜው ገዢ ለነበረው ለኢሕአዴግ ሆነ። ያው ቁጥር! ሦስት ዓመት እንኳ ሳይሞላ! ቁጥሩ እንዴት እንደመጣ ይገባኛል። ተቃዋሚው ተበትኗል፣ ቅንጅት የሚለው ስም ለሌላ ወገን ተሰጥቷል፣ ሕዝቡ ፈርቷል። ፍርሃቱን አልነቅፍም፤ የሞተበት ሰው ቢፈራ እውነቱን ነው። የሚያንገበግበኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በማግስቱ ቀበሌ ሄደን መታወቂያ አሳደስን፣ የኮንዶሚኒየም ዕጣ መቼ ይወጣል ተባባልን፤ የመረጥናቸው 137 ሰዎች የት ገቡ ብለን ግን በቡና ሰዓት እንኳ አልተጠያየቅንም። እኔም ዝም ካሉት አንዱ ነኝ።

“ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ” ትላላችሁ። ለልጆቻችሁም ይህንኑ አስተማራችሁ። ወገኖቼ፣ የተወሰደው የብርሃኑ ወንበር ወይም የቅንጅት ወንበር አልነበረም። የእናንተን ፈቃድ ነው የወሰዱት፤ እናንተ ግን የፖለቲከኞች ጠብ ነው ብላችሁ አለፋችሁት። ገዢዎቻችሁም ይህን አዩ፣ ተማሩበትም። በ2010 የምክር ቤቱ ዘመን ሲያልቅ ምርጫ ሳይደረግ ተራዘመ። የከተማው ቻርተርም ተሻሽሎ ለምክር ቤት ያልተመረጠ ሰው ከተማዋን እንዲመራ ተፈቀደ። ከዚያ እስከ ሰኔ 2013 ድረስ ድምፃችሁን የጠየቃችሁ አልነበረም። እናንተስ ስንቶቻችሁ ጠየቃችሁ?

እናዝናለን፤ የሞቱትን እያሰብን በየቤታችን እናለቅሳለን። ለቅሶውን አልንቀውም። ግን የእነዚያ ልጆች እናቶች ከለቅሶ ይልቅ የሚጠይቅላቸው ሰው ነበር የሚፈልጉት።

ተስፋ ልቁረጥ ብዬ አውቃለሁ፤ አልሆነልኝም። ያን ቀን የተሰለፈው ይኸው ሕዝብ ነው፤ ማንም አላስገደደውም፣ የቀን ሥራውን ትቶ ነው የቆመው። ስለዚህ ድካም ቢሰማኝም ይህን እለምናችኋለሁ። ልጆቻችሁ ስለ 97 ሲጠይቋችሁ “ተወው” አትበሏቸው፤ ማን እንደተመረጠና በምትኩ ማን እንደተሾመ ንገሯቸው። ዛሬ በስማችሁ ምክር ቤት የተቀመጠውን ሰው ስሙን እወቁ፣ የት እንደሚገኝ ጠይቁ፣ ሄዳችሁም አነጋግሩት። ባይቀበላችሁ ከጎረቤታችሁ ጋር ሆናችሁ እንደገና ሂዱ።